ድልድይ ጣራ ምን ያደርግለታል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቴሌቪዥን የአሜሪካ ገጠር ድልድዮችን አየሁ። ግድግዳና ጣራ አላቸው፤ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ነው የሚመስሉት። የእኛዎቹ የፋሲል ድልድዮች ግን ገላጣ ናቸው። ጣራ ሳይታሰብላቸው ቀርቶ ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ልጄ፣ አላስፈለጋቸውም። ያየሻቸው የእንጨት ድልድዮች ናቸው፤ ጣራውም ለእንጨቱ እንጂ ለመንገደኛው አይደለም። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት እንጨት በየመጋጠሚያው ውሃ ይይዝና ይበሰብሳል። ክዳን ካገኘ ግን ዕድሜው ይረዝማል፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ክዳን ሥዕሉን እንደሚጠብቀው ነው። ቬርሞንትንና ኒው ሃምፕሻየርን የሚያገናኘው የኮርኒሽ ዊንዘር ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1866 ተሠርቶ ዛሬም መኪና ያሳልፋል። መግቢያው ላይ «ፈረስህን አራምድ፣ አለዚያ 2 ዶላር ትቀጣለህ» ይላል። ድሮ በረዶ በሚጥልበት ወቅት ደግሞ፣ ጣራው በረዶውን ስለሚከለክል፣ ተንሸራታች ጋሪ እንዲያልፍ ብለው ከውጭ በረዶ ዝቀው ወለሉ ላይ ይበትኑ ነበር! ጣራም ጣጣ አለው። እሳትንም አይመልስም፤ የስዊዘርላንዱ የሉሰርን ድልድይ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 አብዛኛው ተቃጠለ።

የእኛ ድንጋይና ኖራ ነው። ቅስቱ ላይ ጭነት ሲያርፍ ድንጋዩ ይበልጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ደግሞ ሁሉም የፋሲል አይደለም፤ ሰባት ድልድይ ስለሚቆጠርላቸው ሰው ያረጀ ድልድይ ባየ ቁጥር «የፋሲል» ይላል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአባታቸው የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሥራ ነው። ኖራው በእንቁላል ተቦክቷል የሚለውን ወሬ እኔ ግንበኛው አልቀበለውም፤ በደንብ የተቃጠለና ውሃ ጠጥቶ የሰነበተ ኖራ ይበቃል። ጎጃምንና ደቡብ ጎንደርን የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይንም ዝናብ አልሰበረውም፤ በጣሊያን ጊዜ ሰው ሰበረው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን መንገደኛው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር።

የድንጋይ ድልድይ ጠላት ጎርፍ፣ በስንጥቁ የሚበቅል ዛፍና፣ በእኔ ዓይን ከሁሉም የከፋው፣ በስሚንቶ የሚለጥፍ ጠጋኝ ነው። ስሚንቶ ይደድራል፣ እርጥበት አያስወጣም፤ ውሃው በአሮጌው ኖራ በኩል መውጫ ሲፈልግ ኖራውን ይበላዋል። ድልድይ ላይ ችግኝ በቅሎ ካየሽ አትንቀይው፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ለቅርስ ጥበቃ ሠራተኞች ንገሪያቸው፤ ሲጠግኑም ኖራ እንዲጠቀሙ ጠይቂያቸው።