አባትዎ ለቤት መግዣ ስለሰጡዎት 40,000 ዶላር

ቨርጂኒያ የሚኖሩት አባትዎ በ2025 ለቤት ቅድመ ክፍያ በሰጡዎት 40,000 ዶላር ላይ እርስዎ የፌዴራል ግብር አይከፍሉም፤ ስጦታው እንደ ገቢም አይቆጠርም።

የማሳወቅ ግዴታው የሰጪው ነው። በዚያ ዓመት ለአንድ ሰው ሳያሳውቁ መስጠት የሚቻለው እስከ 19,000 ዶላር በመሆኑ አባትዎ ቅጽ 709ን (የስጦታ ማሳወቂያ ቅጽ) ሞልተው ለአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ማስገባት ይኖርባቸዋል፤ ሆኖም አሜሪካዊ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆኑ፣ ትርፉ 21,000 ዶላር በሕይወት ዘመናቸው ያለ ግብር እንዲሰጡ በ2025 ከተፈቀደላቸው 13.99 ሚሊዮን ዶላር ላይ ስለሚቀነስ (ይህን ያህል ሀብት ያለው አባት ደግሞ ከስንት አንድ ነው) ከኪሳቸው የሚያወጡት ግብር አይኖርም።

ከራሴ ልምድ የማሳስብዎት፣ ገንዘቡ በባንክ እንዲተላለፍልዎ ያድርጉ፤ ብድር ሳይሆን ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም አስቀድመው ያስፈርሟቸው። እኔ ደብዳቤውን ሳላዘጋጅ የቤት ብድር አበዳሪው ዘንድ በመቅረቤ የቤቱ ርክክብ ሦስት ሳምንት ዘግይቶብኛል።