የመንገድ ዳር ዛፎቻችን ከሥር ሲበሰብሱ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምት ላይ ዛፍ በወደቀ ቁጥር «ንፋሱ ጣለው» ይባላል። ብዙ ዓመት ዛፍ ስንከባከብ ኖሬያለሁ፤ ንፋስ ብቻውን የጣለው ዛፍ ያየሁት ጥቂት ነው። ስለ ትልልቅ የመንገድ ዛፎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ጋሼ፣ ሰፈራችን የነበረ ትልቅ ጃካራንዳ ነሐሴ ላይ በሌሊት ተገንድሶ አደረ። ቅጠሉ እኮ ለምለም ነበር! ታሞ ቢሆን አይደርቅም ነበር?

ይሄ ብዙ ሰው ያስገርማል። የዛፍ ቀጫጭን ሥሮች ውኃ ይጠጣሉ፤ ወፋፍራሞቹ ደግሞ ዛፉን ከመሬት ጋር አጥብቀው ይይዛሉ። ወፋፍራሞቹ በስብሰው እንኳ የተረፉት ቀጫጭኖች ዛፉን ይመግቡታል። ላዩ አረንጓዴ ነው፤ ታቹ ግን አልቋል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ይጨቀያል፣ ቅጠሉ ዝናብ ተሸክሞ ይከብዳል። ያኔ የሚይዘው ነገር የለም።

አንድ ጊዜ የወደቀ ጃካራንዳ ሥር ተንበርክኬ አየሁ። በመንገዱ በኩል የነበሩት ሥሮች ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ቀጥ ብለው ተቆርጠዋል። ጎረቤት ያሉ እናት «እዚህ ጋ ድሮ ለቱቦ ተቆፍሮ ነበር» አሉኝ። ከተቆረጠው ጫፍ ጀምሮ እንጨቱ የራሰ ዳቦ ሆኗል፤ በጣቴ ስጫነው ውኃ አወጣ። ቅርፊቱን ስልጠው ከሥሩ ነጭ ስስ ነገር ተለጥፏል፣ እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። ሥሩን የበላው እሱ ነው፤ ፈንገስ ይባላል። በቁስሉ ገብቶ፣ ቀስ እያለ፣ ዓመታት ወስዶ ግንዱ ጋ ደረሰ። ቆፋሪዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ዛፉ ሲወድቅ ቁፋሮውን የሚያስታውስ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ለቱቦና ለኬብል ሲቆፈር ከዛፉ ምን ያህል ይራቅ?

ግንዱን ደረት ከፍታ ላይ ለካ። ዳር እስከ ዳር 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 12 ጊዜ አብዛው፦ 6 ሜትር። እስከዚያ ድረስ ባይነካ ጥሩ ነው። ቦታ ከጠበበ ደግሞ ከሦስት እጥፉ፣ ማለትም ከ1 ሜትር ተኩል ወዲህ ወፍራም ሥር መቁረጥ ዛፉን ለመጣል መዘጋጀት ነው። ብዙ ሰው ሥር ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ በማሽን ከመቁረጥ በእጅ ቆፍሮ ቱቦውን ከሥሩ በታች አሾልኮ ማሳለፍ ይቻላል። ጉልበት ይጠይቃል፤ ግን ይቻላል።

ግንዱ ሥር ትልቅ እንጉዳይ በቀለ። ቆርጬ ጣልኩት። በቃ?

አልበቃም። እንጉዳዩ የፈንገሱ ፍሬ ነው፤ ዋናው አካሉ እንጨቱ ውስጥ ነው ያለው። ሌላ ጊዜ ከመጣልሽ በፊት ፎቶ አንሺው፤ ለባለሙያ ጥሩ ማስረጃ ነው። የዛፉን ጫፍም እዪ፦ ከላይ እየሳሳና እየደረቀ ከመጣ ሥሩ ተጎድቷል።

ግንዱ ውስጡ ባዶ ሆኗል። በሲሚንቶ ልድፈነው?

ተው! ድሮ ይደረግ ነበር፤ አሁን ቀርቷል። ዛፍ በንፋስ ይወዛወዛል፣ ሲሚንቶ አይወዛወዝም። በመካከላቸው ውኃ ይቋጠራል። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ የዛፍ ተመራማሪ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በመጋዝ ሰንጥቆ አይቶ ይሄን አስረድቷል፦ ዛፍ ቁስሉን እንደኛ ሥጋ አይፈውስም፤ የበሰበሰውን በአዲስ እንጨት አጥሮ ይለየዋል። ጉድጓዱን ስትጠርግና ስትፍቅ ያንን አጥር ታፈርሰዋለህ። ባዶነት ብቻውን ሞት አይደለም። ዙሪያውን ያለው ጤነኛ እንጨት ውፍረቱ ከግንዱ መሃል እስከ ዳር ካለው አንድ ሦስተኛ ካነሰ ግን አስጊ ነው።

ኖራ መቀባትስ?

ለመበስበስ አይጠቅምም።

እንዳይወድቅ ብለን አናቱን ብንቆርጠውስ?

ይሄን በየሰፈሩ አያለሁ፤ ዛፉ ጉቶ ሆኖ ይቀራል። ምግብ የሚሠራው ቅጠሉ ነው፤ የታመመ ሥር ደግሞ ይበልጥ ይራባል። ከጉቶው የሚበቅሉት አዳዲስ ቅርንጫፎች ላይ ላዩን ነው የሚጣበቁት፤ ሲከብዱ ይገነጠላሉ። ክብደት መቀነስ ካስፈለገ የሚያውቅ ሰው ከዳር ዳር መርጦ ያሳሳው።

ጋሼ፣ እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና አፍልቼ ነው የምኖረው። እጎዳው ይሆን?

እህቴ፣ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። የቡናው አተላ ትንሽ ትንሹ አይጎዳውም። ፍሙን ግን ግንዱ ሥር አትድፊ፤ ቅርፊቱን ያቃጥለዋል፣ መበስበስ በዚያ ይገባል። የሳሙና እጣቢም አርቀሽ ድፊ። በበጋ ደግሞ ሲመችሽ ንጹሕ ውኃ ከግንዱ ራቅ አድርገሽ በቀስታ አጠጪው። የረገፈውን ቅጠል ጠርገሽ አትጣዪው፤ ግንዱን ሳይነካ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አልብሺው። ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ሰዎች ከመጡም ግንዱ ድረስ እንዳያደርሱት ንገሪያቸው፤ ሥር ይተነፍሳል። በቀን ሙሉ አጠገቡ ያለሽው አንቺ ነሽ።

ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ያለ ዛፍ ዘንድሮ አዘመመ። ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ ሂድ። ካዘመመበት በተቃራኒ ያለውን መሬት እይ። አፈሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከተነሣ ልጆቹን አርቅ፣ ገመድ ዘርጋ፣ ወረዳ አመልክት። የመብራት ሽቦ አጠገቡ ካለ ለመብራት ኃይል ሳትደውል ማንም መጋዝ እንዳያነሣ። ስንጥቅ ከሌለ አንድ ቦታ ቆመህ፣ ከዛፉ ኋላ ባለ ግድግዳ ላይ በግንዱ ጫፍ ትይዩ ምልክት አድርግ። ከዝናብ በኋላ እዚያው ቆመህ መልሰህ እይ፤ ከምልክቱ ከለቀቀ ደግመህ አትጠብቅ።