ከጣፊያው በፊት ዕድሜውን ጠይቁ

ነገ የሕፃናትን ደም ይዛችሁ ላቦራቶሪ ለምትገቡ ልጆቼ፤

ጋምቤላ ስሠራ በአንድ የኅዳር ጠዋት ያየኋቸው ሁለት ሰዎች ከዓይኔ ጠፍተው አያውቁም። አንደኛው ለሥራ ከደጋ የወረደ፣ አርባ ዓመት የሚጠጋው ጎልማሳ ነበር። በቃሬዛ ነው ያመጡት። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ይቃዣል፤ አጠገቡ የቆመውን ሁሉ በሚስቱ ስም ይጠራል። ሁለተኛው የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ የአካባቢው ተወላጅ። የመጣው ታሞ ሳይሆን ትኩሳት የያዛትን ታናሽ እህቱን አዝሎ ነው። እሷን ስንመረምር የእሱንም ጣት ወጋን። በጊምሳ ቀለም የነከርኩትን ስላይድ ሳየው የልጁ ደም ውስጥ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሕዋስ አለ፤ ያውም ጥቂት አይደለም። ቀና ብዬ በመስኮት ስመለከት ልጁ ግቢው ውስጥ በጨርቅ ኳስ ይጫወታል።

መድኃኒቱን ሰጠነው። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የሠራሁትም በአብዛኛው በእሱ ዙሪያ ነው። ያው ተሕዋስ አንዱን ቃሬዛ ላይ አስተኝቶ ሌላውን ኳስ ሲያጫውት፣ ልዩነቱ የተሠራው ልጁ ባለፈባቸው አሥር ክረምቶች ውስጥ ነው።

ሕፃን ባዶ እጁን አይወለድም። እናቱ በወባ አገር የኖረች ከሆነች ፀረ እንግዳ አካሏ በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፍለታል፤ ከማሕፀን ይዞት የወጣው የሂሞግሎቢን ዓይነትም ለተሕዋሱ አይመቸውም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽኑ ወባ ብዙ አናይም። ይህ ስንቅ ግን ያልቃል። ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ልጁ በራሱ መማር አለበት፤ የሚማረውም ልብስ ከሚቀያይር ጠላት ነው። ፋልሲፓረም የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ ላይ አንድ ፕሮቲን ይለጥፋል። የዚህ ፕሮቲን ስሪት 60 በሚያህሉ ጂኖች ተጽፎ ስለተቀመጠ አንዱ ሲታወቅበት ሌላውን ያወጣል። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት የሕፃኑ ቢ ሕዋሳት አንዱን ለይተው ሳይጨርሱ ሌላው ይመጣባቸዋል።

ልጁ አስቀድሞ የሚማረው አለመሞትን ነው። ቀጥሎ አለመታመምን ይማራል። በሩን ጨርሶ መዝጋትን ግን አይማርም። ማሊ ውስጥ ካሊፋቡጉ በተባለ ቦታ በተደረገ የቅርብ ክትትል፣ ሕፃናቱም ወጣቶቹም በክረምቱ ወራት በተሕዋሱ የመያዝ ዕድላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዕድሜ ጋር የቀነሰው መታመማቸው ነበር። ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነብ የጨርቅ ኳሱ ትዝ አለኝ።

የመከላከያው አንዱ ክፍል በደም እንደሚተላለፍ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1961 ተመራማሪዎቹ ኮኸን፣ ማክግሬጎርና ካሪንግተን ከጋምቢያ አዋቂዎች ደም ያወጡትን ጋማ ግሎቡሊን፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል ያለበትን የደም ክፍል፣ ለታመሙ የጋምቢያ ሕፃናት ሰጥተው፣ ተሕዋሱ በቀናት ውስጥ ሲመናመን አሳይተዋል። ታዲያ ሕፃኑ ያንን ራሱ ለማምረት ለምን ዓመታት ይፈጅበታል? ካምቢላ በምትባል ሌላ የማሊ መንደር ሲለካ፣ የልጆቹ ፀረ እንግዳ አካል በዝናቡ ወራት ይወጣል፣ በበጋው መልሶ ይወርዳል፤ ከየዓመቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እዚያው መንደር ሌላም ነገር ታየ። ለወባ ደጋግመው የተጋለጡት ሰዎች ደም ውስጥ ያለፈ ጠላትን ከሚያስታውሰው ከተለመደው የማስታወሻ ቢ ሕዋስ መልክ ወጣ ያሉ ሕዋሳት ተበራክተው ተገኙ። ተመሳሳዮቻቸው ከዚያ በፊት ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ታይተው “የዛሉ” ተብለው ስለነበር፣ ያው ስም ለእነዚህም ተጠጋ።

እኔም ያን ስም ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስተምሬበታለሁ። ልክ አልነበርኩም። በኋላ የወጡ ሥራዎች እነዚህ ሕዋሳት በጤናማ ሰውም እንደሚገኙ፣ ለክትባትም ምላሽ እንደሚሰጡ፣ ቢ ሕዋሳትን የሚረዳው አጋዥ ቲ ሕዋስ አጠገባቸው ሲኖር ፀረ እንግዳ አካል ወደማምረት ሊዞሩ እንደሚችሉ አሳዩ። ዝለት ያልነው በከፊል ሌላ የአሠራር መንገድ ኖሯል። ስለዚህ ለሕዋስ ስም ለማውጣት አትቸኩሉ። የወጣ ስም እንደ ልጅ ስም ነው፤ ቢሳሳትም ተጠርቶበት ያድጋል።

የምሥራቅ ዩጋንዳዋ ቶሮሮ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አስተምራኛለች። በትንኝ ብዛት ከሚታወቁት የአፍሪካ ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በየቤቱ ግድግዳ የፀረ ትንኝ ርጭት እስኪጀመር ድረስ። እዚያ በሕፃናት ላይ የተጠናው ጋማ ዴልታ የሚባሉትን ቲ ሕዋሳት ነበር። እነዚህ ሕዋሳት ወባን ያለ ቅድመ ትምህርት ለይተው በኃይል የሚነሡ ናቸው፤ ትኩሳቱንና መንቀጥቀጡን ከሚያራግቡት መካከልም ናቸው። ደጋግመው በታመሙ ልጆች ዘንድ ቁጥራቸው ቀነሰ፤ የቀሩትም ተሕዋሱን ሲያዩ እንደ ቀድሞው አልጮኹም። ችኩል ሰው ይህን አይቶ “የልጁ መከላከያ ፈረሰ” ይል ነበር። ነገር ግን ይህ ለውጥ የታየባቸው ልጆች ተሕዋሱን ይዘው ሳይታመሙ የሚቆዩት ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ ቲ ሕዋሳቶቻቸውም ሕዋሳት ከሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች መካከል በአንድ እጃቸው የሚያነድደውን ኢንተርፌሮን ጋማ፣ በሌላው የሚያበርደውን ኢንተርሉኪን 10 ይዘው ተገኝተዋል። እሳቱን እያነደዱ ውኃውንም ከጎናቸው ያስቀምጣሉ። የልጁ ሰውነት ቤቱን ሳያቃጥል ከጠላቱ ጋር ማደርን እየተማረ ነው። የተሕዋሱም ጥቅም እዚያው ውስጥ አለ፤ ያልታመመ ልጅ መድኃኒት አይጠይቅም፣ ትንኟም ከእሱ ወስዳ ለጎረቤት ታካፍላለች። የልጁን ጥቅም ብቻ ወይም የተሕዋሱን ብቻ የሚያነሣ ጽሑፍ ስታነቡ ጠርጥሩ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ይህን ትምህርት አታወድሱት። እ.ኤ.አ. በ1950 ካምፓላ ላይ በተካሄደው የወባ ጉባኤ፣ ትንኙን ብናጠፋ አፍሪካውያን ያገኙትን የተፈጥሮ መከላከያ እናሳጣቸዋለን የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሥጋቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። እኛው አገር እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ብዙ ወደማያውቃቸው ደጋማ ቦታዎች ሲወጣ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል፤ ደምቢያን የሚያውቅ ሽማግሌ ያን ዘመን ያውቀዋል። መከላከያ የሌለው ሕዝብ ምን እንደሚሆን አይተናል። ግን መከላከያውን የገዛው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 ወባ በዓለም ወደ 597 ሺህ ሰው ገድሏል ተብሎ ሲገመት፣ አፍሪካ ውስጥ ከሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ያህል አምስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ኳስ የሚጫወተውን የአሥር ዓመት ልጅ ስናይ፣ በሦስት ዓመቱ የቀረው ጓደኛው ሜዳው ላይ የለም። ከአጎበርና ከርጭት ጎን እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት የወባ ክትባቶች እንዲሰጡ ሲመክር የተደሰትኩት ለዚህ ነው፤ ልጁ የትምህርቱን ጥቂት ክፍል ያለ ሞት አደጋ እንዲማር የሚያደርጉ ናቸውና።

ስለ ክትባት ካነሣሁ አይቀር፤ ናይጄሪያ ውስጥ ተመራማሪው ግሪንውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 በወባ የታመሙ ሕፃናት ለቴታነስ ክትባት የሚሰጡት ምላሽ ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ክትባቱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ልጁ መከተብ አለበት። እናንተ ግን የሌላ በሽታ ክትባት ስታጠኑም ልጁ በዚያ ሳምንት ወባ ይዞት እንደነበር መጠየቅ አለባችሁ።

ጥያቄ ስል ትንንሾቹን ማለቴ ነው። ዱሮ የአንድ አካባቢ ወባ ጽናት የሚለካው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆችን ሆድ ዳስሶ በወባ ያበጠ ጣፊያ በመፈለግ ነበር። ልጁ በጀርባው ይተኛል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፤ የእጃችሁን ጣቶች ከእምብርቱ በታች አሳርፋችሁ ሲተነፍስ ወደ ግራ የጎድን አጥንቱ ትወጣላችሁ። ያበጠ ጣፊያ ከሆነ ከትንፋሹ ጋር ወርዶ ጣታችሁን ይነካል። ያ ጠጣር ጠርዝ ስንት ክረምት እንደተሠራ ግን እጃችሁ አይነግራችሁም። መተማና ሁመራ ብትሆኑ ደግሞ ካላዛር የሚባለው በሽታም ጣፊያ ያሳብጣል። የሁለት ዓመቱ ልጅ ጣፊያና የስምንት ዓመቱ ልጅ ጣፊያ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ሕዋሳቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ከደሙ ቱቦ ጋር የልጁ ዕድሜ በወር፣ የተወለደበት ወቅት፣ ያለፉት ትኩሳቶች፣ አጎበር ሥር ማደሩ፣ ቤቱ መረጨቱ ይጻፍ። እነዚህ የሌሉት የሕዋስ ቆጠራ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፎቶግራፍ ነው።

የመጨረሻውን መጻፍ ይከብደኛል። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው ላቦራቶሪ፣ ከሕፃናት የሰበሰብነው የሁለት ዓመት ናሙና በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀምጦ ነበር። ከአንድ ሕፃን የሚወሰደው ደም ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ ለእናቱ ግን ጥቂት አይደለም። የበዓል ሰሞን ነበር። ናይትሮጅኑን የሚሞላ ተረኛ አልተመደበም፤ እኔም ተመድቧል ብዬ አልጠየቅሁም። ስንመለስ ማጠራቀሚያው ደርቋል። ክዳኑን ስከፍተው የለመድኩት ነጭ ጭስ አልወጣም። በመዳፌ ላይ ያስቀመጥኳት ትንሽ ቱቦ የክፍሉን ያህል ሞቃለች፤ ላይዋ ላይ በእጄ የጻፍኩት የአንድ ሕፃን ቁጥር በግልጽ ይነበባል።

ለቀጣዩ ዙር ወደ መንደሩ ስንሄድ አንዲት እናት በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። “ባለፈው ከልጄ የወሰዳችሁት ደም ምን አለ?” ልጇ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል፤ ክንዱን አስቀድሞ ደብቋል። እውነቱን ነገርኳት፤ በእኛ ጥፋት እንደተበላሸ። አስተርጓሚው ሲጨርስ ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ልጁን ቁልቁል አየችውና፣ ዛሬ ጣቱን ብቻ ውጉት፣ ክንዱን ግን አትንኩ አለችኝ። ጣቱን ብቻ ወጋን።