«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» እንዴት ተቀረጸ? ጥያቄና መልስ

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1973 ስላወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» (የጨረቃ ጨለማ ገጽታ) የተባለ አልበም አንባቢያን ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል የስቱዲዮውን ሥራ የሚመለከቱትን መርጬ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ባንዱ ስቱዲዮ ሲገባ ዘፈኖቹ ተዘጋጅተው ነበር ወይስ እዚያው ነው የተሠሩት?

መልስ፦ አብዛኞቹ ተዘጋጅተው ነበር፤ እንደ እኔ እምነት የአልበሙ ጥንካሬ ዋና ምንጭም ይኸው ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሮጀር ዋተርስ፣ ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር፣ ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይትና ድራመሩ ኒክ ሜሰን በ1971 መጨረሻ ላይ ሥራው በሙሉ ሰውን በሚያስጨንቁ ጉዳዮች፣ ማለትም በጊዜ፣ በገንዘብ፣ በሞትና በአእምሮ መታወክ ዙሪያ እንዲያጠነጥን ተስማሙ፤ ግጥሞቹንም በሙሉ ዋተርስ ጻፈ። ከዚያም ሥራውን በቀጥታ ወደ ሸክላ ከመውሰድ ይልቅ በጥር 1972 ብራይተን ከተማ ላይ ለተመልካች አቀረቡት። በዚያ ምሽት አጃቢው ቴፕ ተበላሽቶባቸው ሥራውን ሳይጨርሱ ለማቆም ቢገደዱም፣ በየካቲት በለንደኑ ሬይንቦ ቲያትር ደግመው አቀረቡት፤ በየመድረኩም እያሻሻሉት ቀጠሉ። ለንደን ወደሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ የገቡት በግንቦት መጨረሻ ገደማ ስለነበር፣ የትኛው ክፍል አድማጭን እንደሚይዝና የትኛው እንደሚያሰለች አስቀድመው ያውቁ ነበር። በስቱዲዮ ውስጥ ከሥር መሠረቱ የተለወጡት በመድረክ ላይ ያልሠመሩት ክፍሎች ናቸው፤ ለምሳሌ «ኦን ዘ ረን» በመድረክ ላይ የጊታርና የኪቦርድ ጨዋታ የነበረ ሲሆን፣ በስቱዲዮ ግን ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር አንድ አነስተኛ መሣሪያ (ሲንተሳይዘር) ላይ በተሞሉ ስምንት ኖታዎች ፈጣን ድግግሞሽ ተተካ።

ጥያቄ፦ ቀረጻው ስንት ጊዜ ፈጀ?

መልስ፦ እስከ 1973 መጀመሪያ ድረስ ዘልቋል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ጉዞና በፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ ከሮላን ፔቲ የባሌት ዳንስ ቡድን ጋር በሠሩት ሥራ ምክንያት በመሃል ይቋረጥ ነበር።

ጥያቄ፦ በዘመኑ የነበረው ቴፕ 16 ትራክ (ድምፅ ለየብቻ የሚቀረጽበት መስመር) ብቻ ከሆነ ያ ሁሉ ድምፅ እንዴት ሊበቃው ቻለ?

መልስ፦ ድራሙን፣ ቤዙንና ሌሎቹን መሠረታዊ መሣሪያዎች በአንድ ቴፕ ላይ ይቀርጹና በጥቂት ትራኮች ላይ ቀላቅለው ወደ ሁለተኛ ቴፕ ያዛውሯቸዋል፤ በዚያም ቴፕ ላይ በተረፉት ትራኮች ድምፃውያንን፣ ተቀባዮችንና ሳክስፎንን ይጨምራሉ። ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል፤ አንደኛ፣ ድምፁ ከቴፕ ወደ ቴፕ በተገለበጠ ቁጥር የቴፑ ሽሽታ ይጨምራል፤ ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የተቀላቀለው ድራም በኋላ ተመልሶ ሊነጣጠል ስለማይችል ውሳኔው ገና በጠዋቱ መወሰድ ነበረበት። ይህ ግዴታ አልበሙን የጠቀመው ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለምን እንደገባ ያወቁት ከመግባቱ በፊት ነውና።

ጥያቄ፦ «መኒ» የተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰማው የሳንቲም ድምፅ እንዴት ከምቱ ጋር ሊገጥም ቻለ?

መልስ፦ ይህ በእኔ ዘንድ ከሁሉ የሚደነቀው የእጅ ሥራ ነው። ዋተርስ ባለቤቱ ለሸክላ ሥራዋ ጭቃ በምታቦካበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳንቲም እየወረወረ ቀረጸ፤ በዚያ ላይ የሚቀደድ ወረቀትና የካሽ ሬጂስተር ማሽን ድምፅ ተጨመረ። የዘፈኑ ምት በሰባት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ሰባት የቴፕ ቁርጥራጮች በማስመሪያ ተለክተው እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው ተደርጎ ተቆረጡና እርስ በርስ ተጣበቁ፤ ጫፍና ጫፉም ተገጥሞ ቴፑ ያለማቋረጥ የሚዞር ቀለበት ሆነ። የቴፕ ፍጥነት ቋሚ በመሆኑ እኩል ርዝመት ማለት እኩል ጊዜ ማለት ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቾቹ ቀለበቱን እንደ ምት መጠበቂያ እየሰሙ ጀመሩ፤ ዘፈኑ ከገባ በኋላ ግን ድምፁ ቀስ በቀስ ጠፍቶ እነርሱ በራሳቸው ምት ይቀጥላሉ። የዲክ ፓሪ ሳክስፎን በሰባቱ ምት ላይ እንዳለ ሲጫወት፣ የጊልሞር ጊታር ሲገባ ምቱ ወደ አራት ይለወጣል፤ ቆጥራችሁ ስሙት፣ ሽግግሩ ግልጽ ሆኖ ይታወቃችኋል።

ጥያቄ፦ «ታይም» በተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰሙት ሰዓቶች ለዘፈኑ ሲባል ነው የተቀረጹት?

መልስ፦ አይደለም። የድምፅ መሐንዲሱ አለን ፓርሰንስ በአንድ የጥንታዊ ሰዓቶች ሱቅ ውስጥ እያንዳንዱን ሰዓት ለየብቻ ቀርጾ ያስቀመጠው ባለ አራት አቅጣጫ የድምፅ ሥርዓትን ለማሳየት ነበር። ባንዱ ዘፈኑን ሲሠራ ቅጂውን አቀረበላቸው፤ ወደዱትም።

ጥያቄ፦ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ላይ ያለ ቃል የምትዘፍነው ሴት ማን ናት?

መልስ፦ ክሌር ቶሪ ትባላለች። በጥር 1973 አንድ እሑድ ቀን ፓርሰንስ አስጠርቷት መጣች፤ ግጥም የሌለው የራይት የፒያኖ ሥራ ተሰጣትና ስለ ሞት እንደሆነ ብቻ ተነገራት። መጀመሪያ የተለመደውን ዓይነት ዜማ ሞከረች፤ ያንን እንደማይፈልጉ ሲነግሯት ድምፅዋን እንደ አንድ መሣሪያ ልትጠቀምበት ወሰነች፤ ጥቂት ጊዜ ቀርጻም የሚቀር መስሏት ሄደች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። በ2004 ዜማውን በመፍጠሩ ድርሻ አለኝ ብላ ከሰሰች፤ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በስምምነት ካለቀ በኋላ ስምዋ ከራይት ጋር እንደ ደራሲ ይሰፍራል። እኔ ይህንን ተገቢ ፍትሕ ነው እላለሁ፤ የፒያኖው መሠረት የራይት ቢሆንም፣ አድማጭ በልቡ ይዞት የሚሄደው ዜማ ከእርሷ የወጣ ነው።

ጥያቄ፦ በዘፈኖቹ መሃል የሚናገሩት ሰዎች ተዋንያን ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ዋተርስ ሞትን ትፈራለህ ወይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከሰው የተጣላኸው መቼ ነው፣ ያኔ እውነቱ ያንተ ነበር ወይ የሚሉ ጥያቄዎችን በካርድ ላይ ጽፎ በስቱዲዮው ለሚገኙ ሰዎች አቀረበ። የቀድሞው የቢትልስ ባንድ አባል ፖል ማካርትኒና ባለቤቱ ሊንዳም ተጠይቀው ነበር፤ መልሳቸው ጥንቃቄ የበዛበት ስለነበር አልገባም። የአልበሙን የመጨረሻ ንግግር የተናገረው የስቱዲዮው በር ጠባቂ ጄሪ ኦድሪስኮል ነው፤ ጨረቃ በእውነት ጨለማ የሆነ ገጽታ የላትም፣ ሁሉም ጨለማ ነው ይላል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ቅልቅል ላይ አለመግባባት ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ዋተርስና ሜሰን ድምፁ ደረቅ ሆኖ ንግግሮቹና ልዩ ድምፆቹ ጎልተው እንዲሰሙ ሲፈልጉ፣ ጊልሞርና ራይት ማስተጋቢያው በዛ ብሎ ሙዚቃው እንዲቀድም ይፈልጉ ነበር። በዚህ ምክንያት ፕሮዲውሰሩ ክሪስ ቶማስ የውጭ ጆሮ ሆኖ ቅልቅሉን እንዲከታተል ተጠራ።

ጥያቄ፦ ፓርሰንስ ከአልበሙ ሽያጭ ድርሻ ነበረው?

መልስ፦ አልነበረውም፤ በወቅቱ የስቱዲዮው ባለቤት የነበረው የኢኤምአይ ኩባንያ ደመወዝተኛ ነበር። አልበሙ ግን ለግራሚ የድምፅ ምሕንድስና ሽልማት አሳጭቶታል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በራሱ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ቡድን መሠረተ።