«አስተናጋጅ» ወይስ «አሳዳሪ» ሞለኪውል?

ሌላ ሞለኪውል («እንግዳ») በክፍተቱ የሚይዝ ሞለኪውል በእንግሊዝኛ «host» ይባላል። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ይህንኑ ለተማሪዎቻቸው «አስተናጋጅ ሞለኪውል እንግዳውን አስሮ ይፈታል» ብለው ቢጽፉ፣ ባልደረባቸው «አስተናጋጅ ያለው ቡና ቤት ነው» ብሎ ሳቀባቸው። ትክክሉ የቱ ነው? ይላሉ።

ከግሡ ልነሣ፤ የባሰው እሱ ነውና። «አሰረ» ሲባል ተማሪው ኬሚካዊ ትስስር ተፈጠረ ብሎ ይረዳል። እዚህ ግን እንዲህ ያለ ትስስር የለም። ቤታ ሳይክሎዴክስትሪንን ይውሰዱ፦ 7 ግሉኮሶች ክብ ሠርተው የተያያዙበት፣ ላይና ታቹ ክፍት የሆነ ሞለኪውል ነው። ውጩ ውሃ ይወዳል፤ 0.6 ናኖሜትር ገደማ የሚሰፋው ውስጡ ግን ይሸሻል። ልኩ የሆነ፣ እንደሱ ውሃ የማይስማማው እንግዳ ሲመጣ በውስጡ የነበረውን ውሃ አስወጥቶ ይገባል። ያልታሰረ አይፈታም፤ ይለቀቃል። ስለዚህ «ይይዛል፣ ይለቃል» ይበሉ።

በዓይን ማሳየትም ይቻላል። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 10.5 በሆነ የካርቦኔት በፈር፣ ማለትም ፒኤቹ በቀላሉ በማይለወጥ ፈሳሽ፣ ውስጥ ፊኖልፍታሊን የተባለው ቀለም ሮዝ ነው፤ ቤታው ሲጨመር ፊኖልፍታሊኑ ውስጡ ስለሚገባ ቀለሙ ይጠፋል። ባለ 6 ግሉኮሱ አልፋ ሳይክሎዴክስትሪን ስለሚጠብበው እምብዛም አይነካውም። አዳማንቴን ካርቦክሲሊክ አሲድ ቢጨምሩ ቦታውን ይነጥቃል፤ ፊኖልፍታሊኑ ይወጣል፣ ሮዙ ይመለሳል። በፈሩ ከሳሳ ግን አሲዱ ራሱ ፒኤቹን አውርዶ ቀለሙን ያስቀረዋል፤ ተማሪውም «አልለቀቀም» ብሎ ይጽፋል።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ እኔ «አሳዳሪ» እላለሁ። «አደረ» በግእዝ «ኀደረ» ነው፤ የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ ቤት «ማኅደር» የተባለውም ከዚያው ነው። ማኅደር መጽሐፉን አይሰፋውም፣ አያጣብቀውም፤ በልኩ ይይዘዋል፣ ሲፈለግም ይወጣል። የሞለኪውሉን ክፍተት ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል አላውቅም። የመሸበት መንገደኛም «አሳድሩኝ» ይላል እንጂ «አስተናግዱኝ» አይልም። (እንግዳውን «አዳሪ» እንበለው የሚሉት መጀመሪያ «ሴተኛ አዳሪ»ን ያስረሱን።)

«አስተናገደ»ም «እንግዳ»ም፣ «ነጋዴ» ሳይቀር፣ ከግእዙ «ነገደ» የወጡ ስለሆኑ አስተናጋጅና እንግዳ ሥራቸው አንድ ነው ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። በሥርወ ቃሉ እውነታቸውን ነው፤ መካድ አልችልም። ጆሮዬ ግን እሺ አይለኝም፦ አስተናጋጅ ታዝዞ፣ አቅርቦ ይሄዳል፤ ይህ ሞለኪውል ግን ቤቱም እሱ ነው። ይሁንና ሕዝቡ «የአፍሪካ ዋንጫ አስተናጋጅ» ማለት ከጀመረ ቆየ፤ ቃሉ ከቡና ቤት ወጥቷል። «አሳዳሪ»ም ቢሆን አሽከር ቀጣሪውን ጌታ ያስታውሳል።

እንግዲህ «አስተናጋጅ»ን እንዳለ ቢተዉት ስሕተት አልልዎትም። «አስሮ ይፈታል» የሚለውን ግን ይሰርዙት።