አስከትቤ ለምን ሞቱብኝ? የዶሮ ጥያቄዎቻችሁ

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ዶሮ የምታረቡ ሰዎች ጥያቄ አዝንባችሁብኛል። የቻልኩትን እነሆ።

ከዘጌ፦ ባስከተብኩ በሦስተኛው ቀን ፈንግል (ዶሮ የሚጨርሰው የቫይረስ በሽታ) ገባ። ክትባቱ ነው የገደለብኝ?
አይደለም እህቴ። የዶሮዋ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል (በሽታን የሚዋጋ መከላከያ) በበቂ ሁኔታ እስኪሠራ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ፈንግል ደግሞ ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ቀን ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ስታስከትቢያቸው በሽታው አብሯቸው የነበረ ይመስለኛል። የጎረቤት ዶሮ መሞት ሲጀምር ነው ክትባት የምንፈልገው፤ ያኔ ረፍዷል።

ከሹም አቦ፦ ጫጩቶቼ አራት ሳምንታቸው ነው። ነጭ ውሃ የመሰለ ያስቀምጣቸዋል፣ ያንቀጠቅጣቸዋል።
ጉምቦሮ የሚባለውን የጫጩት የቫይረስ በሽታ ጠርጥር። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉትን ነው አብዝቶ የሚመታው። ከፊንጢጣቸው በላይ ቡርሳ የምትባል ትንሽ ከረጢት አለች። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ህዋሳት የሚበስሉት እዚያ ነው፤ ቫይረሱም የሚገድለው እነሱኑ ነው። ከረጢቷ መጀመሪያ ታብጣለች፣ በሳምንት አካባቢ ትሟሽሻለች። የተረፉት የዳኑ ይመስላሉ። ግን የፈንግል ክትባት ብትሰጣቸው በደንብ አይቀበሉትም። (ሐኪሞች እነዚህን ህዋሳት «ቢ ሴል» ይሏቸዋል፤ ስሙ የተገኘው ከዚህችው የዶሮ ከረጢት፣ ከቡርሳ ነው። ዶሮ ባለውለታችን ናት!)

ታዲያ ጉምቦሮን በተፈለፈሉበት ቀን ብከትብስ?
እናትየው የተከተበች ከሆነች በአስኳሉ በኩል መከላከያ ታወርሳቸዋለች። ያ ውርስ ክትባቱን ያከሽፈዋል። ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ የሚሰጠው ውርሱ እስኪቀንስ ተጠብቆ ነው። የማሬክስ (ሌላው የዶሮ የቫይረስ በሽታ) ክትባት ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል።

ክትባቱን በቧንቧ ውሃ በጠበጥኩት።
ወይኔ! ክሎሪኑ ሕያው ክትባቱን ይገድለዋል። ከሚመረትበት ከቢሾፍቱ ድረስ በበረዶ የመጣውን ባልዲ ውስጥ ገደልከው ማለት ነው። የጣናን ውሃም እንዳለ አትቅዳ። ክሎሪን የሌለው ንጹሕ ውሃ ፈልግ፤ ከጠፋ ክትባቱን ከመበጥበጥህ በፊት የቧንቧው ውሃ ላይ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ጨምር። ጥላ ሥር አስቀምጠህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት።

አንቲባዮቲክስ?
ቫይረሱን አይነካውም። ደርቦ የመጣ ባክቴሪያ ካለ ብቻ ይረዳል፤ እሱንም ሐኪም ይወስን።

አንገቷ የተጣመመውን ቄብ ገበያ ላውጣት?
በፍጹም! ፈንግል ከሆነ ቫይረሱ ነርቯን ነክቷል። ብትተርፍም አንገቷ እንደተጣመመ ሊቀር ይችላል፤ ገበያ ብትወጣ ደግሞ የሌላውን ቤት ትጨርሳለች። ለብቻዋ አግልላት። ከነካሃት በኋላ እጅህን ታጠብ፤ የሰውንም ዓይን ያቀላል።