የጓሮ ጥያቄዎች፦ ለወፍ ውሃ፣ ለጽጌረዳ ክሽክሽ፣ ለንብ ማደሪያ

ጥያቄ፦ ወፎች እንዲመጡልኝ ብዬ ግቢዬ ውስጥ በትልቅ ሳፋ ውሃ አስቀመጥኩ። ወር ሊሞላው ነው፤ ወፍ ዝር አላለበትም፣ ቢምቢ ግን ፈላበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳፋው ለወፍ ጥልቅ ነው፤ ጠርዙም ያንሸራትታል። ትናንሽ ወፎች ቆመው የሚታጠቡበት ውሃ ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ቢጠልቅ ይበቃል። ሰፊና ዝርግ የሸክላ ሳህን ይፈልጉ፤ መሃሉ ላይ ከውሃው በላይ ብቅ የሚል ሻካራ ድንጋይ ያኑሩ፣ ንቦችም ሳይሰምጡ ይጠጡበታል። ድመት እንዳያደፍጥባቸው ከቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ።

ቢምቢ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ ውሃውን በየ2 ቀኑ ደረቅ አፈር ላይ ይድፉትና ሳህኑን በብሩሽ ይፈግፍጉት። መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላላቸውን ዕቃው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ቢምቢዎች አሉ። ዘይት ግን እንዳይጨምሩበት፤ የወፎቹን ላባ ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ጽጌረዳዬን ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) ወረረው። መድኃኒት ረጨሁበት፣ ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ ብሶበት ተመለሰ። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ። ብሶበት የተመለሰው መድኃኒቱ ጠላቶቹንም ስለፈጀ ነው። ሴቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጇም በሳምንት ገደማ መውለድ ትጀምራለች። ክሽክሽ የሚበሉት ነፍሳት ግን ቀስ ብለው ነው የሚራቡት፤ መድኃኒቱ ሁለቱንም ሲፈጅ፣ ከሞት የተረፈው ጥቂት ክሽክሽ ቀድሞ ይራባና ሜዳው ለእሱ ይቀራል።

ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ከሥር በጠንካራ ውሃ ይምቱት፤ በ3 ቀን ልዩነት ይድገሙት። የወደቀው ክሽክሽ አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። ከዚያ በፊት ግን ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ጥቁር ሆኖ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ደቃቅ አዞ የሚመስል ነገር ካዩ እንዳይጨፈልቁት! ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ጥንዚዛ እጭ ነው፤ ክሽክሽን በመቶዎች ይበላል። ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይገድለዋል።

ግንዱ ላይ ጉንዳን ከተመላለሰ ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነው፤ ለዚያ ሲልም ጥንዚዛዎቹን ያባርራል። ግንዱን በፕላስቲክ ጠቅልለው በፕላስቲኩ ላይ ብቻ ግሪስ ይቀቡ። ዩሪያም ይቀንሱ፤ የበዛ ናይትሮጅን የሚያወጣው ለስላሳ ቀንበጥ ለክሽክሽ ድግስ ነው።

አልበቃ ካለ፣ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ተራ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው፣ አመሻሽ ላይ ይርጩ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ እጮቹን ከነካ ግን እነሱንም ይገድላል። በሥር ገብቶ ተክሉ ውስጥ የሚዘዋወር መድኃኒት የሚያብብ ተክል ላይ አይጠቀሙ፤ በአበባው ወለላና ዱቄት በኩል ንቦች ዘንድ ይደርሳል። ደግሞ ጥቂት ክሽክሽ ቢቀር አይጨነቁ፣ ጥንዚዛዋም የምትበላው ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ ለንቦች ብዬ ቀርከሃ ቆራርጬ ዛፍ ላይ አንጠለጠልኩ። አንዲትም አልገባችም።

መልስ፦ የማር ንብ እዚያ አትገባም፤ የሚገቡት ለየብቻ ጎጆ የሚሠሩ ንቦች ናቸው። ቀዳዳው ከ3 እስከ 10 ሚሊሜትር ይስፋ፣ 15 ሴንቲሜትር ይጥለቅ፤ ኋላው በቀርከሃው አንጓ የተዘጋ ይሁን። አፉን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፣ ስንጥር ክንፍ ይቀዳል። መወዛወዝ አይወዱምና ከግድግዳ ጋር አጥብቀው ይሰሩት፤ የጠዋት ፀሐይ ያግኘው፣ ዝናብ አይምታው። ንቦቹ ወጥተው ባዶ የቀረውን ቀርከሃ በአዲስ ይተኩ፤ አሮጌው ሻጋታና ቅንቅን ያጠራቅማል።

እኛን ከጠየቁን ግን ከቀርከሃው በፊት መሬቱን እናስቀድማለን። ከእነዚህ ንቦች አብዛኞቹ ጎጆ የሚቆፍሩት አፈር ውስጥ ነው። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ሣርም ድርቆሽም ያልሸፈነው አንድ ካሬ ሜትር አፈር ሳይቆፍሩ ይተዉላቸው።

ጥያቄ፦ ወፍ መስኮቴን እየገጨ ይወድቃል።

መልስ፦ አንድ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍ አይረዳም። መስታወቱን በውጭ በኩል በ5 ሴንቲሜትር ልዩነት በነጠብጣብ ይሙሉት። ደንዝዞ የወደቀውን ወፍ አየር በሚገባበት ጨለማ ካርቶን ውስጥ፣ ውሃም ምግብም ሳይሰጡ፣ ለአንድ ሰዓት ያሳርፉት፤ ከነቃ ካርቶኑን ውጭ አውጥተው ይክፈቱለት።